ሲስተር ወይንሸትና ያልተነሱት ስልኮች

ሲስተር ወይንሸት ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ሁሉም ሰው ሌላው የነገረኝ መስሎት ዝም ብሏል። ደብረ ሲና ወንድማቸው ቤት ታመው መሰንበታቸውንም አላወቅሁም ነበር። ድሮ አብራን የሠራችው ሰዓዳ ደውላ «ቀብር ላይ ሳጣህ ጊዜ ገርሞኝ ነው» ስትለኝ ነው የደነገጥኩት። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ የተሰማኝ ኀዘን አይደለም፤ ብስጭት ነው። አብሬያቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ሲያበሳጩኝ ኖረው ሲሞቱም ሳይነግሩኝ ሞቱ ብዬ በሟች ተናደድኩ። ልቅሶው የመጣው ዘግይቶ ነው።

ሲስተር ወይንሸት ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበሩ። እኔ እዚያው ከተማ፣ ከጤና ኬላዎች የሚመጣውን ሪፖርት እየሰበሰበ ወደ ላይ የሚልክ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። አጠር፣ ወፈር ያሉ የደጋ ሰው ናቸው። የሮቢት ሙቀት ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ኖረው አንድም ቀን አልለመዱትም። ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ለመሄድ እንኳ ይዘረጉታል። እስክሪብቷቸውን በፋሻ ቁራጭ ከጋዋናቸው ቁልፍ ጋር ያስሩታል። «እስክሪብቶውም ቆስሎ ነው?» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «ባላስረው አንተ ትወስደው ነበር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ሁለት ወስጄባቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ጥያቄያቸው ነበር። ለማንኛውም ነገር ሦስት ጥያቄ አላቸው፦ መቼ? የት ሆኖ? ስንት ጊዜ ተሞከረ? በሽተኛ ሲመጣ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። ምሳ ቤት ቁጭ ብለን ሽሮው ሲዘገይ አስተናጋጇን ጠርተው፣ «የኔ ልጅ፣ መቼ ነው ያዘዝነው? ወጥ ቤት ገብተሽ ተናግረሻል ወይስ በመስኮት ነው የጮኽሽው? ስንቴ ነገርሻቸው?» ይሏታል። ልጅቷ አፍራ ትቆማለች። እኔ ጠረጴዛ ሥር ልገባ እደርሳለሁ። ከዚያ ግን፣ በመስኮት ብቻ ጮኻ እንደነበረና ወጥ ቤት ያሉት እንዳልሰሟት ይታወቃል። ብዙ ጊዜ ልክ ሆነው መገኘታቸው ደግሞ ይበልጥ ያናድድ ነበር።

በዚያ ዘመን በየቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሚባሉ ወጣት ሴቶች ይመደቡበት ነበር። ሐኪም ግን የለም። ከታችኛው ቆላ በሽተኛ ይዞ አስፋልት ለመድረስ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ክረምት ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። ለዚህ ተብሎ አንድ ፕሮጀክት መጣ። ለየኬላው ዋየርለስ ስልክና በፀሐይ የሚሠራ ቻርጀር ተሰጠ። የኬላዋ ሠራተኛ የከበደ ነገር ሲገጥማት፣ ደጋ ላይ ወዳለው ሆስፒታል ደውላ ሐኪም ታማክራለች። ሐኪሙ ካለበት ሆኖ ይህን ስጪ፣ ያንን አትስጪ፣ ይቺን ቶሎ ላኪያት ይላል። እኔ ራሴ ወድጄው ነበር። ሲስተር ወይንሸት በነርስነታቸው ላይ ተደርቦ ይህንን እንዲከታተሉ ተደረገ፤ ቁጥሩን መሰብሰብ የኔ ድርሻ ሆነ።

ቁጥር ሲባል ምን እንደሆነ ላስረዳ። በየወሩ ከየኬላው የሚመጣ ቅጽ ላይ «የተደረጉ ጥሪዎች ብዛት» የሚል አንድ ሳጥን አለ። ከሩቆቹ ኬላዎች ቅጹ ሳይመጣ ይቀራል፤ ቢመጣም ሳጥኑ ባዶ ነው። ባዶ ሳጥን ያለበትን ሪፖርት ግን የበላይ አካል አይቀበልም። ግምገማ ላይ «የሪፖርት መጓደል» ተብሎ ስሜ ተነስቶ፣ ቆሜ ራሴን ሂስ አድርጌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ሳጥን ሳይ ዜሮ እጽፍበት ጀመር። ውሸት አልመሰለኝም። መደወሉን የነገረኝ ከሌለ አልተደወለም ማለት ነው ብዬ ነው። ማንም አልጠየቀኝም። ይባስ ብሎ በዓመቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤታችን በተሟላ ሪፖርት አንደኛ ወጣና የምስክር ወረቀት ተሰጠን።

አንድ ቀን ሲስተር ወይንሸት ጃንጥላቸውን አጥፈው ቢሮዬ ገቡና ሪፖርቴን ያገላብጡ ጀመር።

«ታደሰ፣ ግራር ውኃ ስድስት ወር ሙሉ ዜሮ ነው የሚለው። ይኼ ዜሮ ከየት መጣ?»

«ከኬላው ነው፣ ሲስተር።»

«ከኬላው የመጣውን ወረቀት አሳየኝ።»

ወረቀት የለም። ባዶ መሆኑን፣ ባዶውን እኔ እንደሞላሁት ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ የበሽተኛ ሙቀት ሳልለካ ብቀር ካርዱ ላይ ዜሮ ብዬ እጽፋለሁ? ዜሮ ዲግሪ ያለው ሰው እኮ ሬሳ ነው! በዚህ አገር ሙቀትማ ሬሳም ዜሮ አይደርስ። ያልለካሁትን አልለካሁም ነው የምለው።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?»

«አይታወቅም በል።»

«ኮምፒውተሩ ፊደል አይቀበልም፣ ሲስተር። ቁጥር ብቻ ነው።»

«እና ኮምፒውተሩን ማነው አለቃህ ያደረገው?»

ሙያዬን የማያውቁ አሮጊት ገብተው የሚያተራምሱኝ መስሎኝ ሙሉ ቀን ስነጫነጭ ዋልኩ። ዜሮዎቹንም አልነካኋቸውም።

ጥቂት ቆይቶ ከፕሮጀክቱ ደብዳቤ መጣ። በመረጃው መሠረት የስልክ ምክር ፍላጎት ካልታየባቸው ቀበሌዎች ስልኮቹ ተነስተው ፍላጎት ወዳለባቸው እንዲዛወሩ ይላል። ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ ግራር ውኃ አለ። ፍላጎት አለባቸው የተባሉት አስፋልት ዳር ያሉት ናቸው፤ እነሱ ባጃጅ ጠርተው ጤና ጣቢያ መምጣት የሚችሉት። ከሐኪም እጅግ የራቀው ሰው ስልኩን ሊነጠቅ፣ ለሐኪም እጅግ የቀረበው ሊጨመርለት ነው። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ላይ እንዲጸድቅ ቀጠሮ ተይዞለታል።

ሲስተር ወይንሸት ደብዳቤውን አንብበው አልጮኹም። በማግስቱ በማስመሪያ ያሰመሩት ደብተር ይዘው መጡ። አናቱ ላይ «ሳይሳኩ የቀሩ ጥሪዎች» ይላል። ከሥሩ፦ ማን፣ መቼ፣ የት ቆማ፣ ስንቴ ሞከረች፣ ሳይሳካ ሲቀር ምን ሆነ።

«እንዲህ የሚል ቅጽ የለንም እኮ፣ ሲስተር» አልኳቸው።

«ቅጽ ላይ የሌለ ነገር አገር ላይ የለም? ተነስ፣ ገበያ እንሂድ።»

የገበያ ቀን ነበር። የታችኛው ቆላ ሰው አህዮቹን የሚያስርበት ጥግ ሄደው ጃንጥላቸውን ዘርግተው ቆሙ። ጃንጥላው ለእሳቸው ብቻ ነው የሚበቃው፤ እኔ ፀሐይ ላይ ደብተር ይዤ እጽፋለሁ። ሰው ሲያየን ለእርዳታ ስንዴ የምንመዘግብ መሰለውና ተሰለፈ። ማሽላውን ጥሎ፣ ሽንኩርቱን ጥሎ ተሰለፈ። እኔ በነገሩ ተሳቅቄ እንበትናቸው ስል እሳቸው ደስ አላቸው።

«ስንዴ የለም፤ ጥያቄ ብቻ ነው ያለን!» አሉ ጮክ ብለው።

«ጥያቄማ ጠግበናል፣ ሲስተር» አሉ ከፊት ያሉት ሽማግሌ። ሰው ሳቀ። ግን ብዙዎቹ አልሄዱም። እንዲያ እያደረግን አራት ገበያ ዋልን። አንገቴ ተላላጠ። ከሰው ሁሉ ፊት «አንተ ልጅ፣ ሰዓቱን ጻፍ! ቀኑን አይደለም ያልኩህ፣ ሰዓቱን!» እያሉ ይቆጡኛል። ሰዓት የሌለውን ሰው «ዝሁር ተሰግዶ ነበር? ከብት ተመልሶ ነበር?» እያሉ እስኪያገኙት አይለቁትም።

ደብተሩ እየሞላ ሲሄድ ነገሩ እየታየኝ መጣ። ሆስፒታሉ ስልኩን የሚያነሳው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ብቻ ነበር። የቢሮ ሰዓት ስለሆነ ነው የተመረጠው። በዚያው ሰዓት ሐኪሙ አልጋ ላይ ያሉ በሽተኞችን እየዞረ ያያል፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ይጮኻል። በዚያው ሰዓት የኬላዋ ሠራተኛ ደግሞ ቤት ለቤት ወጥታለች፤ ስልኩ ተቆልፎበታል። ከሰዓት ስትመለስና በሽተኛ ሲመጣባት ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሰው የለም። ሁለቱም ወገን ሥራውን ሲሠራ ነው የሚተላለፈው። እኔ ይህንን ሁሉ ዜሮ ብዬው ነበር።

በአራተኛው ገበያ አንድ ቀጭን ሰው አህያውን እየፈታ፣ «እኛ ደውለን ነበር፤ አልተነሳም» አለና ሌላ ሳይናገር ሄደ። ኢብራሂም ይባላል፤ የግራር ውኃ ማሽላ አራሽ ነው።

«እዚህ የሚነገር ስላልሆነ ነው ዝም ያለው» አሉ ሲስተር ወይንሸት። «ቤቱ እንሄዳለን።»

«ግማሽ ቀን እኮ ነው፣ ሲስተር! በዚህ ፀሐይ!»

«እሱ በየሳምንቱ ይመጣ የለም?»

ሄድን። መንገዱን በሙሉ ሙቀቱን ሲረግሙ፣ እኔ እሳቸውን በሆዴ ስረግም ደረስን። የግራር ውኃ ኬላ ሠራተኛዋ ሰዓዳ ናት፤ እሷ ይዛን ገባች። ኢብራሂም በር ላይ ተቀበለን። ሚስቱ ዘሃራ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ውኃ አጠጡን። ሲስተር ወይንሸት ደብተሩን ለእኔ ሰጡና፣ «አንተ ጠይቅ» አሉኝ። ለምን እኔ እንደሆንኩ አልገባኝም ነበር።

«መቼ ነበር የደወላችሁት?» አልኩ።

ወሩን ነገረኝ። ዘሃራ ነፍሰ ጡር ሆና ሰባተኛ ወሯ ነበር፤ ራስ ምታቱ ጠናባት፣ ፊቷና እግሯ አበጠ፣ ዓይኗ ጭጋግ ሆነባት። ሰዓዳ ስትለካት የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል።

«ስንት ሰዓት?»

«ዝሁር ሰግደን ነው የጀመርነው። ወደ ስምንት ሰዓት ይሆናል።»

«የት ሆናችሁ?»

«ኬላው ጋ ኔትወርክ አይዝም። ሰዓዳ ስልኩን ታቅፋ ከመስጊዱ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ወጣን።»

«ስንት ጊዜ ሞከራችሁ?»

«ዘጠኝ ጊዜ» አለች ሰዓዳ፣ ከኋላዬ።

እንዲህ ሲሆን እንኳ ከአፌ የወጣውን አስቡት። «ጠዋት ለምን አልደወላችሁም?» አልኩት።

ኢብራሂም አልተቆጣም። «ጠዋትማ አላመማትም» አለኝ።

አመሻሹ ላይ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፤ ወንዙ ሞልቶ ወዲያ ማዶ አቆያቸው። ዘሃራ ተረፈች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ዘሃራ እስክሪብቶዬን እያየች፣ «እኔ የሚገርመኝ፣ ወላሂ፣ አንድ ሰው እንኳ ምን ሆናችሁ ብሎ መልሶ አለመደወሉ ነው» አለች።

ወሩን አውቀዋለሁ። ያንን ወር በእጄ ዜሮ ብዬ ጽፌው፣ ለዚያ ነበር የምስክር ወረቀት የተሰጠን። ሲስተር ወይንሸትም ያውቃሉ። «ጻፍ» ብቻ አሉ፤ እኔም ጻፍኩ። ስንመለስ ያ ሁሉ አፍ ያላቸው ሴትዮ አስፋልት እስክንደርስ ዝም አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ በሰው ሞልቷል። ከአዲስ አበባ የመጣው የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ሠንጠረዡን ግድግዳ ላይ አበራ። ግራር ውኃ ትይዩ የኔ ዜሮዎች ተደርድረዋል። «ፍላጎት የለም» አለ፤ «መረጃው ይናገራል።» ሲስተር ወይንሸት እጃቸውን አወጡ። ደብተሩን አንብበው ሊያፈርጡት ነው ብዬ ስጠብቅ፣

«መረጃው አይናገርም፤ የጻፈው ሰው ይናገር። ታደሰ፣ ተነስ» አሉ።

ደሜ ፈላ። ሌላ መንገድ አጥተው ነው? ደብተሩ እጃቸው ላይ አይደለም? አለቃዬ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ግን ተነሳሁ። ባዶውን ሳጥን እንዴት እንደምሞላው ተናገርኩ። ከዚያ የዘሃራን ወር ተናገርኩ፤ ሰዓቱን፣ ጉብታውን፣ ዘጠኙን ሙከራ። ስጨርስ ከወዲያ ጥግ እንደኔው የመረጃ ሠራተኛ የሆነ፣ የማላውቀው ሰው እጁን አወጣ። «እኛም ባዶውን በዜሮ ነው የምንሞላው» አለ። ሌላም ተነሳ። ሌላም።

አስተባባሪው ሠንጠረዡን አጠፋው። በዚያው ስብሰባ ስልኮቹ ካሉበት እንዳይነሱ ተወሰነ። ሲስተር ወይንሸት ደብተሩን ያወጡት ያኔ ነው፤ ስለ ሰዓት ለመነጋገር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሆስፒታሉ ስልክ በተረኛ ሐኪም እጅ ሆኖ ቀኑን ሙሉ እንዲነሳ ሆነ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ።

ሁለት ወር አኮረፍኳቸው። ይህን ያላስተዋለ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። እንደ ወትሯቸው እየገቡ፣ ወንበር ስበው፣ ሙቀቱን ረግመው፣ ሪፖርቴን አገላብጠው ይሄዳሉ። በአንገቴ ብቻ እመልስላቸዋለሁ፤ እሳቸው ያወራሉ። ኩርፊያ እንኳ የማይገባው ሰው ምን ይደረጋል? በመጨረሻ ታክቶኝ ታረቅኳቸው፤ መታረቃችንንም አላወቁም።

ዓመት ካለፈ በኋላ ይመስለኛል፣ የቢሮዬ ስልክ ጮኸ። ኢብራሂም ነበር። ከሆስፒታሉ በር ላይ ሆኖ ነው የሚደውለው። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ጀመረ።

«ታደሰ፣ ያኔ እንደጠየቅኸኝ ልንገርህ። ዘሃራ ትናንት እንደ በፊቱ አመማት። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር፤ ሰዓዳ የእጅ ሰዓት አላት። የደወልነው ከጉብታው ላይ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ተነሳ። ሐኪሙ የሚሰጣትን ለሰዓዳ ነገራትና ቶሎ አምጧት አለ፤ መኪናም አስፋልቱ ላይ ጠበቀን። ዛሬ ወለደች። ሴት ናት። እናትየዋም ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ጻፍከው?»

«ጻፍኩት» አልኩት። አልጻፍኩም ነበር፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ አላይ ብሎኝ ነው። በኋላ ነው የጻፍኩት።

ስልኩን እንደዘጋሁ በዚያ ፀሐይ እየሮጥኩ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ሲስተር ወይንሸት መርፌ ወግተው እጃቸውን እየታጠቡ ነበር። ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰዓቱን፣ ጉብታውን፣ ሁለተኛውን ሙከራ፣ ሕፃኗን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ለሰው ምሥራች ለመንገር ጓጉቼ አላውቅም። ውኃው እየፈሰሰ ቆመው ሰሙኝ። ዓይናቸው ሲሞላ አየሁ፤ በጋዋናቸው እጅጌ ጠረጉት። ከዚያ ቧንቧውን ዘጉና፣

«የመጀመሪያው ሙከራ ለምን ሳይነሳ ቀረ?» አሉኝ።

«ሲስተር!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በሽተኞች ዞረው አዩን። «አንድ ቀን እንኳ፣ አንድ ቀን፣ ደስ ቢልዎት ምን አለበት? ልጅ እኮ ነው የተወለደው!»

«ደስ ብሎኛል» አሉ፤ የሚቀጥለውን በሽተኛ እየጠሩ።

በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። የማይጠግቡ ሴትዮ፣ ምሥራችን እንኳ መርምረው የሚቀበሉ እያልኩ፣ ለብቻዬ እያወራሁ አስፋልቱን ተሻግሬ ቢሮዬ ገባሁ። ላቤን ጠረግሁ። ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆየሁና ስልኩን አንስቼ ሆስፒታሉ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ ከሸዋ ሮቢት ነው። ትናንት ዘጠኝ ተኩል ላይ ከግራር ውኃ ተደውሎላችሁ ነበር። በሁለተኛው ነው የተነሳው። የመጀመሪያው ለምን ሳይነሳ እንደቀረ የሚነግረኝ ሰው አለ?»